የእናት ሰዓትና የትምህርት ቤት ሰዓት

ስለ ሕፃናት አስተዳደግ በምንማርበት ክፍለ ጊዜ «ቤተሰብ» የሚለው ቃል በተነሣ ቁጥር በሰሌዳው ላይ የሚሳለው ሥዕል አንድ ዓይነት ነው። አባት በአንድ ወገን፣ እናት በሌላው ወገን፣ ልጆች በመካከል። ሥዕሉን ለመንቀፍ አይደለም የተነሣሁት። ነገር ግን ነገ ተመድበን በምንሄድበት ክፍል ውስጥ ከሚቀመጡት ልጆች መካከል በሥዕሉ ላይ የራሳቸውን ቤት የማያገኙ ይኖራሉ። ከነዚህም አንዳንዶቹ እናት ብቻዋን የምታሳድጋቸው ናቸው። ብቻዋን የምታሳድግ እናት ትደክማለች የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በዘፈንም በግጥምም ሰምተነዋል። እኔ ለማሳየት የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ይኸውም የእርሷ ሰዓትና የእኛ የትምህርት ቤት ሰዓት የት የት ላይ እንደሚጋጩ፣ ግጭቱም በልጅቱ ስም ትይዩ በመዝገባችን ላይ ምን ሆኖ እንደሚጻፍ ነው።

ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ጊዜ ደሴ ከተማ ውስጥ ለ6 ሳምንት አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ ነበር። ግቢው አምስት በር አለው። ከእኔ በር ቀጥሎ ያለው የአንዲት እናትና የ8 ዓመት ልጇ ነው። ልጅቱ የምትማረው ደግሞ እኔ ልምምድ በማደርግበት የ2ኛ ክፍል ምድብ ሆነና ሁለቱንም ወገን ለማየት ተመቸኝ። ስማቸውን አልጽፍም። እናትየዋም «ስማችን ካልተነሣ ጻፊው፣ ምን ቸገረኝ» ብላ ፈቅዳልኛለች።

አባት የሌለበት ቤት በብዙ ምክንያት ይፈጠራል። ሞት አለ። ፍቺ አለ። በ2014 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ የተካሄደው ጦርነት አለ። በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ሄዶ ድምፁ የጠፋ አለ። ከመጀመሪያው «የእኔ አይደለም» ብሎ የካደም አለ። ሰፈር ግን ሁሉንም በአንድ ዐይን አያይም፤ ባሏ የሞተባት ይታዘንላታል፣ የፈታች ትታማለች፣ ሳታገባ የወለደች ደግሞ ልጇ ሳይቀር ስም ይወጣላታል። ያ ስም በዕረፍት ሰዓት በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሲጠራ ሰምቻለሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ መምህር ሰምቶ እንዳልሰማ ማለፍ የለበትም፤ ነገሩ የልጆች ጨዋታ አይደለም።

አሁን ወደ ዕለቱ ውሎ እንግባ። እናትየዋ እንጀራ ጋጋሪ ናት። ለሁለት ምግብ ቤቶችና ለጥቂት ቤተሰቦች ትጋግራለች። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ሰው ቤት ሄዳ ልብስ ታጥባለች። እንጀራ እንደሚታወቀው የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ጤፉ ይቦካል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፣ ከላይ ያቀረረው ውሃ ይደፋል፣ ከሊጡ ተቀንሶ አብሲት ይጣላል፣ ኩፍ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚጋገረው። ስለዚህ በቤቷ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ባልዲ ሊጥ በተለያየ ደረጃ ላይ አለ። እርሷ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ተነሥታ አብሲቱን ትጥላለች። ሊጡ ኩፍ እስኪል ውሃ ትቀዳለች፣ ቤት ትጠርጋለች። 11 ሰዓት ላይ ምጣዱ ይሞቃል።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ሊጡ በምጣዱ ላይ ከሚዞርበት እንጀራው ወጥቶ ምጣዱ እንደገና እስኪታሰስ ድረስ 3 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ተቀምጬ በሰዓት ቆጥሬዋለሁ። በቀን 60 እንጀራ ብትጋግር 180 ደቂቃ፣ ማለትም 3 ሰዓት ይሆናል። በ11 ሰዓት የጀመረች ሴት ምንም ነገር ባይስተጓጎል የምትጨርሰው ልክ ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። የትምህርት ቤቱ ደወል የሚደወለውም በ2 ሰዓት ነው። የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓቱ ደግሞ ከዚያ 15 ደቂቃ ይቀድማል።

በነዚህ 3 ሰዓታት ውስጥ ልጅቱ መነሣት፣ መታጠብ፣ መልበስ፣ ቁርስ መብላት አለባት። ሁለት ወላጅ ባሉበት ቤት አንዱ ምጣዱ ዘንድ ሲሆን ሌላው ልጁን ያለብሳል። እዚህ ግን ያሉት ሁለት እጆች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ልጅቱን በአፍ ነው የምታለብሳት። «ካልሲሽ ከአልጋው ሥር አለልሽ። ፊትሽን ከጆሮሽ ኋላ ጭምር። ደብተርሽን ቁጠሪ።» ዐይኗ ከምጣዱ ላይ አይነሣም። ፀጉር የሚሠራው እሑድ ብቻ ነው። ለምን በሥራ ቀን አትሠሪላትም ብያት «ሩብ ሰዓት ይወስዳል እኮ፣ አምስት እንጀራ ነው» አለችኝ። እኔ በወረቀት ያሰላሁትን እርሷ በቃሏ ታውቀዋለች።

መብራት ሲጠፋ ሒሳቡ ሁሉ ይፈርሳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ ዕቃ ነው፤ ባለ 60 ዋት አምፖል ቢሆን ሃምሳውን በአንድ ጊዜ እንደማብራት ነው። የግቢው ቆጣሪ ደግሞ አንድ ስለሆነ ሁለት ምጣድ አይሸከምም፤ በተከራዮቹ መካከል ተራ አለ። ከሌሊቱ 11 እስከ ጧቱ 2 ሰዓት ያለው ተራ የእርሷ ነው። መብራት በ12 ሰዓት ጠፍቶ በ3 ሰዓት ቢመጣ ተራው የሌላ ሰው ሆኗል። ያን ጊዜ ወደ እንጨት ምጣድ ትዞራለች። ቅጠሉም እንጨቱም ባሕር ዛፍ ነው፣ ጭሱ ያንቃል፣ ቤቱ አንድ ክፍል ነው። በነጋታው ልጅቱ አጠገቧ ያለችው ተማሪ «ጭስ ጭስ ትሸቻለሽ» ብላ ቦታ ስትቀይር በዐይኔ አይቻለሁ። መምህሩ ግን ጀርባውን ሰጥቶ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ነበር።

አሁን ስለ ሰኞ ልናገር። የክፍሉን የስም መጥሪያ ስመለከት በልጅቱ ስም ትይዩ የማርፈድ ምልክቱ ተበታትኖ አይደለም ያለው፤ አንድ ዓምድ ሠርቶ ይወርዳል። ሰኞ፣ ሰኞ፣ ሰኞ። በክፍሉ ውስጥ 64 ልጆች ስላሉ መምህሩ አንድ በአንድ ሊያየው አልቻለም፤ እርሱ የሚያየው የወሩን ድምር ነው። ድምሩ ደግሞ «አርፋጅ» ይላል። ምክንያቱ ግን ገበያው ነው። ሰኞ የደሴ ትልቁ የገበያ ቀን ነው፤ ከገጠር የሚገባውን ጤፍ ነጋዴ ሳይሰበስበው ለመድረስ በጧት መገኘት ያስፈልጋል። እናትየዋ በሌሊት ጋግራ፣ እንጀራውን ለደንበኞቿ አድርሳ፣ ከዚያ ገበያ ትሮጣለች። ልጅቱን አስፋልት የምታሻግራት የግቢያችን አሮጊት ናቸው። እርሳቸውም ሰኞ ቀን ገበያ የሚያወጡት ነገር ስላላቸው ልጅቱ የሚያሻግራት ሰው እስክታገኝ ከመንገዱ ዳር ቆማ ትጠብቃለች። ብቻዋን እንዳትሻገር በእናቷ ተከልክላለች፤ ትእዛዝ አክባሪ ልጅ ናት። እንግዲህ በቤት ትእዛዝ ስላከበረች በትምህርት ቤት ትእዛዝ አፍራሽ ተባለች ማለት ነው።

ይህን ስጽፍ መፍትሔው ማርፈድን መፍቀድ ነው ብዬ አይደለም። መዝገቡን ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ማንበብ ይቻላል ለማለት ነው። አንድ ልጅ በአንድ ቀን ብቻ ደጋግሞ ካረፈደ በዚያ ቀን በቤቱ አንድ ነገር አለ። ይህን ለማግኘት ልጁን በ63 ጓደኞቹ ፊት አስነሥቶ «ለምን አረፈድክ» ማለት አያስፈልግም። ደግሞስ ቢጠየቅ ምን ይላል? «እናቴ ጤፍ ልትገዛ ሄዳ» ለማለት የሚደፍር የ8 ዓመት ልጅ ስንት ነው?

ከሰኞው የሚብሰው ፈረቃ ነው። ትምህርት ቤቱ በሁለት ፈረቃ ስለሚያስተምር የጧቱ ፈረቃ ተማሪዎች በየጊዜው ወደ ከሰዓት በኋላ ይዛወራሉ። ለእኛ ይህ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ነው። ለእናትየዋ ግን ኑሮዋን እንደገና መሥራት ነው። ልጅቱ የጧት ፈረቃ ስትሆን እናቷ ልብስ የምታጥበው ልጅቱ ክፍል ውስጥ በሆነችበት ሰዓት ነው። ፈረቃው ሲዛወር ልጅቱ እስከ 6 ሰዓት ቤት ትውላለች። ከማን ጋር? ይዛት ወደ ሰው ቤት እንዳትሄድ አሠሪዋ «ልጅ ይዘሽ አትምጪ» ብላታለች። በር ቆልፋባት እንዳትሄድ እሳት አለ፣ ሰውም አለ። ሴት ልጅ ለብቻዋ ያሳደገች እናት ሰው የሚለውን ቃል ስትናገር ድምፅዋ ይለወጣል። «ቁልፉን ለማንም አታሳዪ፤ አጎትሽ ነኝ ቢልሽም አትክፈቺ» ስትላት በግድግዳው በኩል በየቀኑ እሰማለሁ። ስለዚህ በዚያ ወር የአጠባውን ሥራ በግማሽ ትቀንሰዋለች። የፈረቃው ወረቀት ከሁለት ሳምንት በፊት ቢለጠፍ ለእርሷ የአንድ አሠሪ ልዩነት ነው። በኔ ዕይታ ትምህርት ቤቱ ምንም ገንዘብ ሳያወጣ ሊያደርገው የሚችለው ትልቁ ነገር ይኸው ነው። የተለጠፈው ግን ዐርብ ከሰዓት ለሰኞ ነበር።

በተመቸበት ቦታ የምግቡ ነገር ይቃለላል። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወዲህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሕፃናት በትምህርት ቤታቸው ይመገባሉ፤ ምግቡን ከሚያዘጋጁት ውስጥ ብዙዎቹ ራሳቸው እናቶች ናቸው። እኔ ልምምድ ባደረግሁበት ትምህርት ቤት ግን ምገባ አልነበረም፤ ልጅቱ ይዛ የምትመጣው የጠዋቱን የመጀመሪያ እንጀራ ነው። ምጣዱ በደንብ ሳይግል የሚወጣው እንጀራ ዐይን ስለማያወጣ አይሸጥም። እርሷ ግን «የእኔ ዕጣ» ትለዋለች፣ በሽሮ ተጠቅልሎ።

ስለ ስምም ሳላነሣ አላልፍም። በአገራችን ልጅ በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል። ልጅቱ የተመዘገበችው በእናቷ አባት ስም ስለሆነ የእናትና የልጅ ሁለተኛ ስም አንድ ሆኗል። አንድ ቀን ልጆቹ የወላጅ ፊርማ ያለበትን ወረቀት ሲመልሱ አንዷ አየችና «ያንቺና የእናትሽ አባት አንድ ነው እንዴ? እኅትሽ ናት?» አለች። ሳቅ ሆነ። ልጅቱ መልስ አልሰጠችም። ከዚያ በኋላ የሚፈረም ወረቀት ሲሰጣት አጥፋ አጥፋ፣ በጣም አሳንሳ ነበር የምትመልሰው። የእኛ ቅጽ «የአባት ስም፣ የአባት ሥራ፣ የአባት ስልክ» እያለ ይጠይቃል። «የአሳዳጊ ስም» ቢል ሁሉንም ይይዛል፤ አባት ያለውም አይጎዳም። አንዳንድ ጓደኞቼ ይህ ጥቃቅን ነገር ነው ብለውኛል። ጥቃቅንስ ቢሆን፣ የ2ኛ ክፍል ልጅ ዓለም ከጥቃቅን ነገር ሌላ ከምን ነው የተሠራው?

አንዳንድ መምህራን ለእናቲቱ «ከሰሽ ቀለብ ማስቆረጥ ነው እንጂ» ይሏታል። ልክ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ክልሎችም በየበኩላቸው ያወጧቸው የቤተሰብ ሕጎች፣ ወላጅ ለልጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋሉ። ይህን የማያውቁ እናቶች ስላሉ መንገር ተገቢ ነው። ነገር ግን አባትየው የታወቀ አድራሻና ደመወዝ ከሌለው ፍርዱ በእጅ ያለ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ፍርድ ቤት ለመመላለስ የሚጠፋው ቀንም የእንጀራ ቀን ነው። ምክሩን ስንሰጥ ይህን አውቀን እንስጥ።

የቤት ሥራን በተመለከተ ግን ከዚህች እናት የተማርኩት ነገር አለ። እርሷ ትምህርት ያቋረጠችው ከ4ኛ ክፍል ነው። የልጇን ደብተር አንብባ ለማረም ጊዜም የለ፣ ጉልበትም የለ። ስለዚህ ማታ ሊጥ ስታቦካ ልጅቱን አጠገቧ አስቀምጣ ጮክ ብላ እንድታነብ ታደርጋለች። ልጅቱ ስትደነቃቀፍ «ድገሚው» ትላታለች። ቃሉን አታየውም፤ መደነቃቀፉን ግን ትሰማዋለች። ጧት ጧት ደግሞ የበረዱትን እንጀራዎች በዐሥር በዐሥር እየለየች የምትደረድረው ልጅቱ ናት። በክፍል ውስጥ በዐሥር መዝለልን ሳስተምር ቀድማ እጇን ያወጣችው እርሷ ነበረች። «60 በዐሥር ስንት ቦታ ይሆናል?» ስላት «ስድስት፤ አንዱ ለጋሼ ምግብ ቤት ይጎድላል» አለችና ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። የሒሳብ መርጃ መሣሪያ ከካርቶን ስንቆርጥ ሌሊት የምናድር ሠልጣኞች ይህን ልብ ብንለው መልካም ነው።

በ4ኛው ሳምንት እናትየዋ ታመመች። ጤና ጣቢያ ታይፎይድ ነው አሏት። በዚህ ቤት እናት ስትታመም የሚታመመው ሁሉም ነገር ነው፤ ገቢው፣ ውሃው፣ እሳቱ፣ ትምህርቱ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አሮጊቷ ጋገሩላት። በሦስተኛው ቀን ክንዳቸው እንቢ አለ። አንደኛው ምግብ ቤት ወዲያው ሌላ ጋጋሪ ያዘ፤ ሁለተኛው እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እጠብቃለሁ አለ። ልጅቱ ከእናቷ ራስጌ አልነሣም አለች። ውሃ ትቀዳለች፣ አጥሚት ታሞቃለች፣ የመድኃኒቱን ሰዓት በጣቷ ትቆጥራለች። ስድስት የትምህርት ቀን ቀረች። በመዝገቡ ላይ ስድስት ቀይ ምልክት ተደረገ፤ ከዚያም «ያለ ወላጅ እንዳትገባ» የሚል ትእዛዝ ለዘበኛው ተሰጠ። በሰባተኛው ቀን ዩኒፎርሟን ራሷ አጥባ፣ ሳይደርቅ ለብሳ ስትመጣ ከበሩ ተመለሰች።

በነጋታው አሮጊቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ይዘዋት መጡ። የክፍሉ ኃላፊ መምህር «እማማ፣ እርስዎ ወላጅ አይደሉም እኮ፤ ደንቡ ወላጅ ነው የሚለው» አላቸው። እርሳቸውም «ልጄ፣ ወላጇ ተኝታለች። የታመመች ሴት ተሸክሜ ላምጣልህ?» አሉት። መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። ጥቂት ዝም አለና መዝገቡን አውጥቶ የአሮጊቷን ስም «የቅርብ ተጠሪ» ብሎ ጻፈ። ልጅቱ ገባች። ያን ቀን ያመለጣትን የስድስት ቀን ትምህርት ከጓደኛዋ ደብተር እንድትገለብጥ አደረግን፤ ንባቡን እኔ በማታ አሳየኋት።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። እናትየዋ ከአልጋ በተነሣች በሦስተኛው ቀን ማታ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ሳለ «ለዘንድሮ ትቅር ይሆን? አዲስ አበባ ዘመድ አለን፣ እዚያ ብትሄድ ያስተምሯታል» አለችኝ። ይህን «ዘመድ ጋ ትሂድ» የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። አንዳንዷ ሄዳ በእርግጥ ትማራለች። ብዙዋ ግን ሰው ቤት ሕፃን ታዝላለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ትምህርቱ «ለከርሞ» እየተባለ ይቀራል። እናትየዋም ይህን አጥታው አይደለም፤ ራሷ ከ4ኛ ክፍል ያቋረጠችው ዘመድ ጋ ሄዳ ነው። አንድ ደንበኛ አጥታ፣ ዕቁቧን መጣል አቅቷት፣ የቤት ኪራይ ቀን እየቀረበ ነው ይህን የተናገረችው። ልጅቱ አጠገባችን ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። እርሳሷ ቆመ። እናቷ አየቻትና «ነገሩን ነው እንጂ… ክረምቱ ይምጣና እናያለን» አለች። ልምምዱን ጨርሼ ስመለስ ክረምቱ ገና ሁለት ወር ይቀረው ነበር። ልጅቱም ከክፍል አልቀረችም፤ ሰኞ ግን ታረፍድ ነበር።

ከልምምድ ስመለስ ያወጣሁት አንድ ገጽ ቅጽ አለ። «የአባት» የሚለውን «የአሳዳጊ» ያደረግሁበት ነው። አሳዳጊ ቢታመም የሚጠራ ሰው የሚጻፍበት መስመር፣ አሳዳጊው ትምህርት ቤት ለመምጣት የሚመቸው ሰዓት፣ ልጁን ማን እንደሚያደርሰው የሚሞላበት ቦታ አለው። የወላጅ ስብሰባ ረቡዕ ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ ሲጠራ ማን ሊመጣ እንደሚችልና ማን እንደማይችል ከዚህ ይታያል። ቅጹን ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፌዋለሁ። በልምምድ ላይ ሌላ ነገር ያየ ሠልጣኝ፣ እርማት ያለው መምህርም በእርሳስ ይጻፍበት። እስከ ዐርብ ድረስ አላነሣውም።